ቀብድ፣ ቅድመ ክፍያ፣ ማስያዣ፡ ቤት ሲቀየር የሚነሱት ቃላት ምን ማለት ናቸው?

ቤት የሚቀይር ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለብዙ ሰዎች ገንዘብ ይሰጣል። ለደላላ፣ ለአዲሱ አከራይ ወይም ለወኪሉ፣ ለመኪና ባለቤት፣ ለጫኝና አውራጅ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠውም በጥድፊያ ነው። በአንድ በኩል «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» የሚለው የደላላው ማሳሰቢያ፣ በሌላ በኩል የወሩን መጨረሻ የሚቆጥረው የቀድሞው አከራይ አለ።

ገንዘቡ ሲሰጥ ስም ይወጣለታል። ቀብድ ይባላል፣ ቅድመ ክፍያ ይባላል፣ ማስያዣ ወይም ዲፖዚት ይባላል፣ ኮሚሽን ይባላል። በዕለቱ ልዩነታቸው እምብዛም አይታይም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ነገር ሲበላሽ ነው፤ ተከራዩ ሐሳቡን ሲቀይር፣ አከራዩ የተሻለ ዋጋ የሚያቀርብ ሰው ሲያገኝ፣ ወይም ከዓመታት በኋላ ቤቱ ሲለቀቅ። ያን ጊዜ «የሰጠሁት ገንዘብ ይመለስልኛል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው፣ ገንዘቡ በተሰጠበት ቀን የወጣለት ስም ነው።

የቤት ኪራይ ከቤተሰብ ገቢ ትልቁን ድርሻ በሚወስድባቸው እንደ አዲስ አበባና ናይሮቢ ባሉ ከተሞች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለአንዱ ቤት የተሰጠው ገንዘብ ካልተመለሰ ለሌላው የሚሰጥ ላይኖር ይችላል።

ቀብድ፡ ለሁለቱም ወገን ዋጋ ያለው ገንዘብ

ከእነዚህ ቃላት ሁሉ በሰፊው የሚታወቀው፣ ግን በትክክል የማይታወቀው ቀብድ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ቀብድ ማለት «ቤቱን ለሌላ እንዳትሰጥብኝ» ተብሎ የሚሰጥ ጥቂት ገንዘብ ነው። «ቀብድ በላ» የሚለው አባባልም ገንዘቡን ተቀብሎ ቃሉን ያላከበረ ሰው የሚወቀስበት ነው።

ሕጉ ግን ከወቀሳ ያለፈ ነገር ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ ስለ ቀብድ ይደነግጋል። በሕጉ መሠረት ቀብድ መሰጠቱ ውል ስለመደረጉ ማስረጃ ይሆናል። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ወይ ይመለሳል ወይ ከሚከፈለው ሒሳብ ላይ ይታሰባል። ተዋዋዮቹ በተለየ መንገድ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ሐሳቡን ቢቀይር ገንዘቡን ይተዋል። የተቀበለው ወገን ሐሳቡን ቢቀይር ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ብዙዎች የሚስቱት ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ነው። ለምሳሌ አንድ ተከራይ 5,000 ብር ቀብድ ሰጠ እንበል። በማግስቱ ሌላ ቤት አግኝቶ ቢተወው 5,000 ብሩ ቀረበት ማለት ነው። በማግስቱ ሐሳቡን የቀየረው አከራዩ ከሆነ ግን፣ «ይኸው ብርህ» ብሎ 5,000 ብሩን መመለሱ በሕጉ ዓይን ግዴታውን አያሟላም፤ የሚጠበቅበት 10,000 ብር ነው። በተግባር ግን ተከራዮች የሰጡትን ያህል ከተመለሰላቸው እንደ ዕድለኛ ይቆጥሩታል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ቀብድ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ገንዘቡ በደጃፍ ላይ፣ ያለ ወረቀት፣ አንዳንዴም ለአከራዩ ሳይሆን ለደላላው ይሰጣል። ደላላ ደግሞ አከራይ አይደለም። አከራዩ «እኔ ከማንም ምንም አልተቀበልኩም» ቢል ተከራዩ የሚይዘው ነገር አይኖረውም። በሁለት መስመር የተጻፈች፣ የገንዘቡን መጠን፣ «ቀብድ» የሚለውን ቃል፣ የቤቱን አድራሻ፣ የተቀባዩን ስምና ፊርማ የያዘች ወረቀት ብዙ ነገር ትቀይራለች። ገንዘቡን በባንክ አስተላልፎ በምክንያት መግለጫው ላይ ቃሉን መጻፍም እንዲሁ።

አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ስለሚጠይቅ፣ ቀብድ ብቻውን የኪራይ ውልን አይተካም። ወደ ውሉ የሚያደርስ ድልድይ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

ቅድመ ክፍያ ከማስያዣ በምን ይለያል?

ቅድመ ክፍያ ኪራይ ነው። ጊዜው ሳይደርስ የተከፈለ ኪራይ። ማስያዣ ወይም ዲፖዚት ግን ኪራይ አይደለም፤ ተከራዩ ቤቱን ቢያበላሽ ወይም ዕዳ ጥሎ ቢሄድ መካሻ እንዲሆን በአከራዩ እጅ የሚቆይ፣ ባለቤትነቱ የተከራዩ የሆነ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው በወራት ውስጥ ተበልቶ ያልቃል። ሁለተኛው ቤቱ ሲለቀቅ መመለስ አለበት።

በአዲስ አበባ የተለመደው ቅድመ ክፍያ ነው። የሦስት ወር፣ የስድስት ወር፣ አንዳንዴም የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ የሚጠይቁ አከራዮች ጥቂት አልነበሩም። አዲሱ አዋጅ፣ ቁጥሩም 1320/2016 የሆነው፣ ይህንን ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ገድቦታል። ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አብዛኛው ተከራይ ሳይጠይቀው የሚያልፈው ጥያቄ አለ። የሁለት ወሩ ቅድመ ክፍያ የየትኞቹ ሁለት ወራት ነው? ወርሃዊ ኪራዩ 15,000 ብር የሆነ ቤት ቢወሰድ፣ ተከራዩ ሲገባ 30,000 ብር ይከፍላል። ይህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ኪራይ ከሆነ ቀጣዩ ክፍያ የሚመጣው በሦስተኛው ወር ነው። አከራዩ ግን ገንዘቡን ለመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ይዞ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ ኪራይ እንዲከፈለው ሊጠብቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ «ቅድመ ክፍያ» የተባለው ገንዘብ በተግባር ማስያዣ ሆኗል ማለት ነው። ሁለቱም ወገኖች ቅን ሆነው እንኳ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሊጣሉ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ውሉ ላይ «የእነዚህ ወራት ኪራይ» ብሎ ወራቱን በስም መጥራት ጭቅጭቁን ከወዲሁ ያስቀራል።

ድንበር ተሻግሮ ናይሮቢ የሚገባ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል። እዚያ የተለመደው የመጀመሪያውን ወር ኪራይና ከእርሱ እኩል የሆነ የአንድ ወር ዲፖዚት አንድ ላይ መክፈል ነው። ኪራዩ 20,000 የኬንያ ሽልንግ ከሆነ ለመግባት 40,000 ያስፈልጋል፤ የውሃና የመብራት ማስያዣ ተለይቶ ሊጨመርበትም ይችላል። ከአዲስ አበባ ልማድ የመጣ ሰው 40,000 ሽልንጉን «የሁለት ወር ቅድመ ክፍያ» አድርጎ ተረድቶ በሁለተኛው ወር መጀመሪያ ላይ የኪራይ ጥያቄ ሲመጣበት ይደነግጣል። እርሱ የከፈለው የአንድ ወር ኪራይ ብቻ ነበር።

የናይሮቢው ዲፖዚት መመለሻውም የራሱ ጣጣ አለው። ተከራዩ ሲወጣ የቀለም ቅብ፣ የተሰበረ ቁልፍ፣ የቧንቧ ጥገና እየተባለ ከገንዘቡ ላይ ይቀነሳል። ይህንን የሚያውቁ ብዙ ተከራዮች የመጨረሻውን ወር ኪራይ ሳይከፍሉ «ዲፖዚቱን ቁረጡት» ብለው ይወጣሉ። ልማዱ የተስፋፋ ቢሆንም ውሎች ብዙውን ጊዜ አይፈቅዱትም። ውዝፍ ኪራይ ያለበት ተከራይ ላይ የኬንያ ሕግ ለአከራዮች ከበድ ያለ መሣሪያ ሰጥቷል፤ ፈቃድ ባለው ሐራጅ ሻጭ አማካኝነት የተከራዩን ዕቃ ማስያዝ ይቻላል።

ኬንያ ኪራይን የሚቆጣጠር የቆየ ሕግና የራሱ ልዩ የዳኝነት አካል አላት። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚሸፍነው ወርሃዊ ኪራያቸው ከ2,500 ሽልንግ ያልበለጡ ቤቶችን ነው። በዛሬው ናይሮቢ በዚህ ዋጋ ቤት ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ አብዛኛው ተከራይ በዚህ ሕግ ሳይሆን በፈረመው ወረቀት ብቻ እንደሚዳኝ ግልጽ ነው።

በታንዛኒያዋ ዳሬሰላም ደግሞ የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ መክፈል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደ ተራ ነገር ሲታይ ቆይቷል። እዚያ ቤት መቀየር ማለት ለወራት መቆጠብ ማለት ነው።

ደላላ፣ ዳላሊ፣ ዲላል

በአማርኛ «ደላላ» የሚባለው ሰው በስዋሂሊ «ዳላሊ»፣ በሶማሊኛ «ዲላል» ነው። ሦስቱም ቃላት መነሻቸው ዐረብኛ ነው፤ ቃሉ ከሸቀጥና ከነጋዴ ጋር ቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ዳርቻ ተከትሎ ተጉዟል። በናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ቤት የሚፈልግ አማርኛ ተናጋሪ ቃሉን ማስተርጎም የማያስፈልገው ለዚህ ነው።

ደላላው የሚወስደው ገንዘብ ኮሚሽን ይባላል። አከፋፈሉ ግን ወጥ አይደለም። አንዱ ከወር ኪራይ ላይ የተወሰነ ድርሻ ይጠይቃል፤ ሌላው ከጠቅላላው ቅድመ ክፍያ ላይ በመቶኛ ያሰላል። መቶኛው ተመሳሳይ ሆኖ የሚሰላበት ገንዘብ ከተለያየ ውጤቱ እጅግ ይራራቃል። የ15,000 ብር አሥር በመቶ 1,500 ብር ነው፤ የሁለት ወሩ የ30,000 ብር አሥር በመቶ ደግሞ 3,000። ስለዚህ «ስንት በመቶ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን በቂ አይደለም፤ «ከምን ላይ?» የሚለው ጥያቄ መከተል አለበት። ከአከራዩም ከተከራዩም ይወሰዳል ወይስ ከአንዱ ብቻ የሚለውም እንዲሁ።

ኮሚሽን የሚከፈለው ቤቱ ሲያዝ ነው። በናይሮቢ ግን ቤት ለማሳየት ብቻ አስቀድሞ የሚጠየቅ የ«ማሳያ» ክፍያ አለ። ቤቱ ቢወደድም ባይወደድም አይመለስም። ገንዘቡ በኤምፔሳ ከተላከ በኋላ ስልኩ የሚዘጋበት፣ የተባለው ቤትም የማይኖርበት ማጭበርበር የተለመደ ሆኗል። ቤቱን ሳያዩ፣ በማስታወቂያ ፎቶ ብቻ ገንዘብ መላክ በየትኛውም ስም ቢጠራ ያው ነው።

ማስታወቂያው የሚናገረውና የሚደብቀው

የኪራይ ማስታወቂያዎች አጭር ቋንቋ አላቸው። «ስቱዲዮ» መኝታና ሳሎን ያልተለዩበት፣ የራሱ መታጠቢያና ምግብ ማብሰያ ያለው ቤት ነው። ናይሮቢ ላይ የቅርብ ዘመዱ «ቤድሲተር» ይባላል፤ መታጠቢያው በውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው። «ሲንግል ሩም» ከተባለ ግን መጸዳጃው ከጎረቤት ጋር የጋራ መሆኑን መጠበቅ ይገባል።

በአዲስ አበባ «ሰርቪስ ቤት» ማለት በዋናው ቤት ጓሮ ለሠራተኛና ለማብሰያ ተብሎ የተሠራ፣ አሁን ለብቻው የሚከራይ ክፍል ነው። ናይሮቢ ውስጥም ተመሳሳይ ክፍል አለ፤ በማስታወቂያ ላይ «ዲኤስኪው» ተብሎ በምሕፃረ ቃል ይጻፋል። ሁለቱም ከተሞች ለቤት ሠራተኛ የተሠራውን ክፍል ዛሬ ለመንግሥት ሠራተኛና ለዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ማከራየታቸው ስለ ቤት እጥረቱ ብዙ ይናገራል።

«ለላጤ» የሚለው ቃል ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ተከራዩ ነው። ልጅ ያለው ቤተሰብ አይፈለግም ማለት ነው።

ከክፍሎቹ ብዛት በላይ ግን የኑሮውን ወጪ የሚወስኑት ውሃና መብራት ናቸው። «የግል ቆጣሪ» አለው የተባለ ቤት ተከራይ የተጠቀመበትን ብቻ ይከፍላል። «የጋራ ቆጣሪ» ከሆነ ሒሳቡ በግቢው ተከራዮች መካከል ይከፋፈላል፤ በሰው ቁጥር ይሁን በክፍል ብዛት ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የእንጀራ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚወስድ አንዳንድ አከራዮች ጨርሶ ይከለክሉታል፤ ሌሎች ደግሞ በተጨማሪ ክፍያ ይፈቅዱታል። ይህ በማስታወቂያ ላይ አይጻፍም፤ ከገቡ በኋላ የሚሰማ ነው። ውሃ «በፈረቃ» ከሆነ ደግሞ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ግቢው ውስጥ ሮቶ መኖሩንና ውሃው እስከ ተከራዮቹ ክፍል መድረስ አለመድረሱን ጎረቤት መጠየቅ ይሻላል። ጎረቤት ቤቱን የማከራየት ጥቅም የለውምና።

ውል፣ ማስጠንቀቂያ፣ ውክልና

በአዋጁ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ከተፈረመ በኋላም በ30 ቀናት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ መረጋገጥና መመዝገብ አለበት። የኪራይ ጭማሪ የሚደረገውም አከራዩ ባሻው ጊዜና መጠን ሳይሆን፣ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ይፋ በሚያደርገው ልክ ነው። አዋጁ የሚሠራው ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወር ሰው በዚያ መተግበሩን ማጣራት ይኖርበታል።

ይህ ሕግ «ማስጠንቀቂያ» ለሚለው ቃል አዲስ ክብደት ሰጥቶታል። ቀደም ሲል በብዙ ግቢዎች ማስጠንቀቂያ ማለት አከራዩ በር ላይ ቆሞ «ቤቱን ለራሴ ፈልጌዋለሁ፣ በወር ውስጥ ልቀቅልኝ» ማለት ነበር። አሁን በሁለት ዓመቱ ውስጥ ተከራይን ያለ ሕጋዊ ምክንያት ማስወጣት አይቻልም። ቤቱ ቢሸጥ ወይም በውርስ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍ እንኳ ተከራዩ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ግዴታው የአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ መልቀቅ የፈለገ ተከራይም የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጠበቅበታል። አዲስ ቤት አግኝቶ ነባሩን በሳምንት ውስጥ ጥሎ ለመውጣት ያሰበ ሰው የሁለት ቤት ኪራይ ሊጠየቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የቤት ለውጥ ዕቅድ መጀመር ያለበት ከዚህ ቀን ቆጠራ ነው።

በናይሮቢ ማስጠንቀቂያው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወር ነው፤ ርዝመቱን የሚወስነው ግን ውሉ ነው። በኡጋንዳ ደግሞ በፈረንጆቹ 2022 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተከራይን ማስወጣትን ወንጀል አድርጎታል።

በኢትዮጵያ ከውሉ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ሌላ ወረቀት ውክልና ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚኖሩ ባለቤቶች ቤታቸውን በወንድም፣ በአክስት ልጅ ወይም በሚያምኑት ጎረቤት በኩል ያከራያሉ። ወኪሉ ቁልፍ ስላለው ብቻ የማከራየት ሥልጣን አለው ማለት አይደለም። የውክልና ሥልጣኑ ማከራየትን፣ ውል መፈረምንና ገንዘብ መቀበልን በግልጽ መጥቀሱን ማየት ያስፈልጋል። «ቤቱን እንዲጠብቅ» የተባለ ሰው የፈረመው የሁለት ዓመት ውል፣ ባለቤቱ ከውጭ ሲመለስ ዋጋ ሊያጣ ይችላል።

በውሉ ላይ የሚጻፈው ገንዘብ በእጅ ከሚከፈለው ካነሰም ችግሩ የተከራዩ ነው። ቀሪውን በጥሬ ገንዘብ የሰጠ ሰው ክርክር ሲነሳ የሚያሳየው ማስረጃ የለውም። ኪራዩ በብር ተከፍሎ በዶላር ምንዛሪ የሚሰላ ከሆነ ደግሞ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ እንዲህ ያለ ስምምነት ምን እንደሚያስከትል ተከራዮች በገዛ ኪሳቸው አይተውታል። በሃርጌሳና በሞቃዲሾ ኪራይ በቀጥታ በዶላር መጠራቱ የተለመደ ነው።

የጉዞው ቀን

ዕቃ የሚያጓጉዝ መኪና ሲያዝ ዋጋው «በምልልስ» ነው ወይስ «በጠቅላላ» የሚለው መለየት አለበት። በምልልስ ከሆነ አንድ ፒክአፕ ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ዋጋው በሦስት ይባዛል፤ ከአንድ አይሱዙ ኪራይ ሊበልጥም ይችላል።

በአዲስ አበባ ግን ከመኪናው በላይ የሚያስጨንቀው ጫኝና አውራጅ ነው። በማኅበር የተደራጁ ወይም የተደራጁ የሚመስሉ የሰፈር ወጣቶች ዕቃ የጫነ መኪና ሲመጣ ከበው ከፍተኛ ዋጋ ይጠራሉ። ባለዕቃው «በራሴ አወርዳለሁ» ቢል እንኳ «በዚህ ሰፈር የምናወርደው እኛ ነን» የሚል መልስ ይሰማል። የከተማዋ አስተዳደርና ፖሊስ ባለንብረቱ ዕቃውን በራሱ፣ በቤተሰቡ ወይም በመረጠው ሰው ማውረድ እንደሚችል በተለያየ ጊዜ አስታውቀዋል። የማኅበር አባል የሆነ ጫኝና አውራጅ መታወቂያ ሊኖረው ይገባል፤ ዋጋውም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በስምምነት መቆረጥ አለበት። ፍሪጁ በመኪናው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ የሚደረግ የዋጋ ድርድር ድርድር አይደለም።

በብዙ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ዕቃ ሲወጣ ጥበቃዎች ከአከራዩ ወይም ከነዋሪዎች ኮሚቴ የመውጫ ወረቀት ይጠይቃሉ። በናይሮቢ አፓርታማዎችም የሕንፃው ተንከባካቢ፣ ማለትም «ኬርቴከሩ»፣ ዕዳ አለመኖሩን ካላረጋገጠ በሩ አይከፈትም። ይህንን ወረቀት በዋዜማው መያዝ መኪናው በር ላይ ቆሞ ሰዓት እንዳይቆጥር ያደርጋል።

ርክክብ፣ ውዝፍ፣ መሸኛ

ርክክብ ቁልፍ መስጠትና መቀበል ብቻ አይደለም። የግድግዳው ስንጥቅ፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ፣ የተሰበረው መስኮት፣ የቆጣሪው ንባብ የሚመዘገብበት ጊዜ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደ በር፣ መስኮትና ቧንቧ ያሉ ጥቃቅን ጥገናዎችን በተከራዩ ላይ ያደርጋል፤ ጉዳቱ የመጣው በተለመደ አጠቃቀም በማርጀት ወይም ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ ግን ተጠያቂ አይሆንም። ያረጀውን ከተሰበረው ለመለየት ደግሞ ሲገቡ የነበረውን ሁኔታ ማሳየት ያስፈልጋል። ቀን ያለበት የስልክ ፎቶ ለዚህ በቂ ጅምር ነው።

«ውዝፍ» ካለፈው ተከራይ የተረፈ የመብራት ወይም የውሃ ዕዳ ነው። ሒሳቡ በቆጣሪው ስም ስለሚከማች የሚቋረጠው አዲሱ ተከራይ ላይ ነው። በካርድ የሚሞላ ቆጣሪ፣ ወይም በናይሮቢ አጠራር በ«ቶከን» የሚሠራ፣ ይህን ስጋት በአብዛኛው ያቀልላል።

ቤት መቀየር ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ወረዳ ከሆነ በኢትዮጵያ «መሸኛ» የሚባል ደብዳቤ ይኖራል። የቀድሞው ወረዳ «ይህ ሰው የእኛ ነዋሪ ነበር፣ ወደ እናንተ መጥቷል» ብሎ የሚጽፈው ነው። ያለ መሸኛ በአዲሱ ወረዳ የነዋሪነት መታወቂያ ማውጣት ያስቸግራል፤ መታወቂያ ከሌለ ደግሞ የነዋሪነት ማረጋገጫ የሚጠይቁ ሌሎች ጉዳዮች ሁሉ ይጓተታሉ። የተመዘገበው የኪራይ ውል በአዲሱ ወረዳ አድራሻን ለማሳየት የሚያገለግለውም እዚህ ላይ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት የሚቀይሩ ከሆነ ከነባሩ ትምህርት ቤት መልቀቂያ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ያልተከፈለ ክፍያ ካለ እርሱም እዚያው ይጠየቃል።

ከወረቀቶቹ ሁሉ ውጭ የሚቀረው እድር ነው። ለዓመታት መዋጮ የተከፈለበት እድር ከቤቱ ጋር አብሮ አይጓጓዝም። የአዲሱ ሰፈር እድር ነባር አባላት ያጠራቀሙትን ካፒታል አስቦ ከገቢ አባል የመመዝገቢያ ክፍያ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ለተከራይ ቀላል ላይሆን ይችላል፤ አንዳንዱ እድር ደግሞ አባል ከሆኑ በኋላ አገልግሎት እስኪሰጥ የተወሰነ ጊዜ ያስጠብቃል። በመሃል ሐዘን ቢደርስ ድንኳኑን የሚተክል አይኖርም። ከመሃል ከተማ ወደ ዳር የተዛወሩ ብዙ ቤተሰቦች በየወሩ መዋጮ ለመክፈል በሁለት ታክሲ ወደ ቀድሞ ሰፈራቸው የሚመላለሱት ለዚህ ነው። ሰፈር ከመልቀቅ በፊት የእድሩን ጸሐፊ ማነጋገር፣ ከሩቅ ሆኖ አባልነትን ማስቀጠል ይፈቀድ እንደሆነና ድንኳንና ዕቃው እስከ አዲሱ ሰፈር ይሄድ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ እንደየእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ይለያያል።